ፈቃዱ ከተገኘ በኋላስ?

ክቡር አዘጋጅ፣

ያለ ፈቃድ ሲያሰራጩ ኖረው በኋላ ሕጋዊ ስለሆኑ የሬዲዮ ጣቢያዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ደስ ይላል። አጨራረሱ ግን አልተዋጠልኝም። ጣቢያው ፈቃድ አገኘ፣ ሁሉም አጨበጨበ፣ አለቀ። ልክ ሠርጉ ላይ እንደሚያልቅ ፊልም ነው የቋጫችሁት። እኔ ለንደን ብዙ ዘመን የኖርኩ፣ ሌሊት ታክሲ ስነዳ ሬዲዮ ከጆሮዬ የማይጠፋ ሰው ነኝ፤ ከፈቃዱ በኋላ የሆነውንም ሰምቻለሁ። ፈቃድ ሁሉ አንድ አይደለም። የምን ዓይነት ፈቃድ ነው? ወረቀቱስ በማን እጅ ነው? ጣቢያው ከሃያ ዓመት በኋላ ምን እንደሚመስል የሚወስኑት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ እናንተ ደግሞ ሁለቱንም አልነካችኋቸውም።

(ታሪኩ የፈረንጆቹ ስለሆነ ዓመቶቹንም በነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ወደ አገር ቤት ስመጣ ዓ.ም. እላለሁ።)

ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ወደኋላ ልመለስ። እንግሊዝ ውስጥ እስከ 1973 ድረስ ሕጋዊ ሬዲዮ ማለት ቢቢሲ ብቻ ነበር። በ1964 ሮናን ኦራሂሊ የሚባል አየርላንዳዊ ማሰራጫ መርከብ ላይ ጭኖ፣ የእንግሊዝ ሕግ ከማይደርስበት ባሕር ላይ ቆሞ፣ ሬዲዮ ካሮላይንን ጀመረ። ቢቢሲ ፖፕ ሙዚቃን በቁንጥር ነበር የሚለቀው፤ ካሮላይን ቀኑን ሙሉ ለቀቀችው። ሌሎችም መርከቦች ተከተሉ። በ1967 መንግሥት ሕግ አወጣ፤ ለመርከቦቹ ስንቅ ማቀበል፣ ማስታወቂያ መስጠት፣ እዚያ ሄዶ መሥራት ሁሉ ወንጀል ሆነ። ከዚያስ? ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ቢቢሲ ራሱ ራዲዮ 1 የሚባል የፖፕ ጣቢያ ከፈተ። የመጀመሪያውን ፕሮግራም ያቀረበው ቶኒ ብላክበርን ነው፤ መርከቦቹ ላይ ስም ያወጣ ዲጄ። ቤቱን ዘግተው ልጁን ቀጠሩት ማለት ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ ደጋግማ ትመጣለች።

አሁን ወደ 1980ዎቹ ለንደን። ሕጋዊ የንግድ ጣቢያዎች አሉ፣ ግን ሬጌ፣ ሶል፣ ሂፕ ሆፕ፣ በኋላም ሃውስ የሚወድ ሰው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ነው የሚደርሰው፣ ያውም ሰው በተኛበት ሰዓት። ከተማው ውስጥ ስንት የካሪቢያንና የአፍሪካ ቤተሰብ እየኖረ! በ1981 ሰሜን ምዕራብ ለንደን ኒስደን ውስጥ ሌፕኬ የሚባል ሰው ድሬድ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽንን፣ ባጭሩ ዲቢሲን፣ ከፈተ። ስሙ ራሱ ቢቢሲን ጎሸም ማድረግ ነው። በጥቁሮች የተያዘ የመጀመሪያው የብሪታንያ ሬዲዮ ይባላል። ሌፕኬ የሪታ ማርሌይ ወንድም ነው፤ ያቺ በ2005 የቦብን 60ኛ ልደት መስቀል አደባባይ ያከበረችልን ሪታ። ዲቢሲ ፈቃድ ሳያገኝ በ1984 ጠፋ። ከአቅራቢዎቹ አንዷ ራንኪንግ ሚስ ፒ ግን የት ገባች? ቢቢሲ ራዲዮ 1። ይኸው፣ መጣች።

አሠራራቸውን ጽሑፋችሁ በአንድ መስመር ነው ያለፈው፤ እኔ ግን ትንሽ ልቆይበት። የማዘጋጃ ቤት ረጃጅም ፎቆች ጣራ ላይ አንቴና ይሰቀላል፣ ማሰራጫው የሊፍት ሞተር ክፍል ውስጥ ወይም የአየር ማስወጫ ቱቦ ውስጥ ይደበቃል። ስቱዲዮው እዚያ የለም። የሆነ ሰው መኝታ ቤት ነው፣ ካልሆነም ባዶ አፓርታማ፤ ድምፁ ከስቱዲዮው ወደ ጣራው በትንሽ የማይክሮዌቭ ማገናኛ ይሄዳል፤ ይህም የሚደረገው ተቆጣጣሪ አንቴናውን ተከትሎ ቢመጣ ማሰራጫውን ብቻ ይዞ እንዲመለስ፣ የሸክላ ማጫወቻዎቹና ሸክላዎቹ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰዎቹ እንዲተርፉ ነው። ማሰራጫ ተወሰደ? አርብ ማታ ሌላ ይተከላል። ስለዚህ ብዙዎቹ ቅዳሜና እሁድ ነበር የሚሠሩት፤ የመንግሥት ሠራተኛ ቅዳሜ ጣራ ላይ አይወጣማ። ገንዘቡ ከዳንስ ቤት ማስታወቂያ ይመጣል፤ ካልበቃ ዲጄዎቹ ራሳቸው ያዋጣሉ። አዎ፣ ሬዲዮ ላይ ለመሥራት ደመወዝ የሚከፍለው ሠራተኛው ነበር።

እውነቱ ይነገር ከተባለ ሁሉም መላእክት አልነበሩም። በርካሽ የተሠራ ማሰራጫ ከመስመሩ ወጥቶ የድንገተኛ አገልግሎትና የአውሮፕላን ግንኙነት ሞገድ ላይ ይገባል፤ ተቆጣጣሪዎቹ ይህን ሲሉ እየዋሹ አልነበረም። አንዱ የሌላውን አንቴና ይሰርቃል። የሊፍት በር ተሰብሮ አሮጊቶች አሥራ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ሲቀሩስ ማን ይጠየቃል? ይህን ጎን ዘላችሁ ሁሉንም ጀግና ማድረጋችሁ ልክ አይመስለኝም።

ወደ ዋናው ነገሬ። ኪስ ኤፍኤም፣ ያለ ፈቃድ የተነሳው የለንደን የሙዚቃ ጣቢያ፣ በ1985 ነው የጀመረው፣ በጎርደን ማክናሚ መሪነት። ኖርማን ጄይ፣ ጃዚ ቢ፣ ትሬቨር ኔልሰን፣ እነዚህ ዲጄዎች ሁሉ እዚያ ነበሩ። በ1987 የኢቭኒንግ ስታንዳርድ ጋዜጣ አንባቢዎች በሰጡት ድምፅ ካፒታል ከሚባለው ሕጋዊ የንግድ ጣቢያ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ፤ ልብ በሉ፣ በሕግ የሌለ ጣቢያ ነው። በ1988 መጨረሻ ላይ ለፈቃድ ለመወዳደር ብለው ራሳቸው አጠፉት። የመጀመሪያውን ውድድር ተሸነፉ፤ ፈቃዱ ለጃዝ ሬዲዮ ተሰጠ። (ያ የጃዝ ጣቢያ በኋላ ተሽጦ በ2005 ስሙም ሙዚቃውም ተቀየረ። ይህም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።) ጩኸት ስለበዛ ተጨማሪ ፈቃዶች ወጡና ኪስ በ1989 መጨረሻ አገኘ። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1990 በ100 ኤፍኤም ሕጋዊ ስርጭቱን ጀመረ። እናንተ እዚህ ላይ ነው መጋረጃውን የዘጋችሁት።

መጋረጃው ሲከፈት የሚታየው ይሄ ነው። የተሰጠው የንግድ ፈቃድ ነው። ለንደንን የሚሸፍን ሕጋዊ ጣቢያ ለማቆም ቤት ኪራይ አለ፣ መሐንዲስ አለ፣ ጠበቃ አለ፣ የሙዚቃ መብት ክፍያ አለ፤ ይህንን ደግሞ በዳንስ ቤት ማስታወቂያ አትሸፍነውም፣ ስለዚህ ገንዘብ ያላቸው ባለድርሻዎች ይገባሉ፣ ባለድርሻ ደግሞ ትርፉን ይጠብቃል፣ ቢጠብቅም አይፈረድበትም። ቀስ በቀስ ኢማፕ የተባለው ኩባንያ ጠቀለለው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ጣቢያው እንደ አዲስ ሲደራጅ ከቆዩት ዲጄዎች ብዙዎቹ ወጡ። በ2008 ደግሞ ባወር የተባለው የጀርመን ኩባንያ የኢማፕን የሬዲዮ ሥራ ገዛ። ከዚያ በዲሴምበር 2024 ባወር ከለንደኑ 100 ኤፍኤም ላይ ኪስን አንስቶ ሂትስ ሬዲዮ የሚባለውን ሌላ ጣቢያውን አስቀመጠበት። ኪስ ዛሬ በዲጂታልና በኢንተርኔት ነው ያለው። ያ ሁሉ ሰው የታገለበት ሞገድ የአንድ ኩባንያ መደርደሪያ ላይ ያለ ዕቃ ሆኖ ቀረ፤ ባለቤቱ ሲያሻው ያነሳዋል፣ ሲያሻው ሌላ ያስቀምጣል። ሕግ አልተጣሰም። ሁሉም በወረቀቱ መሠረት ነው የሆነው። የኔም ነጥብ እሱ ነው፤ ወረቀቱ እንደዚያ ዓይነት ነበራ።

አሁን ሪንስ ኤፍኤምን እዩ። በ1994 ምሥራቅ ለንደን ውስጥ ጂኒየስና ስሊምዚ በሚባሉ ወጣቶች ተጀመረ። ጃንግልና ጋራዥ የሚባሉት የዳንስ ሙዚቃዎች፣ ከዚያ ግራይም፣ ከዚያ ደብስቴፕ፤ ዊሊና ዲዚ ራስካል የመሳሰሉ ልጆች ማይክ የጨበጡበት ቤት ነው። ጣጣውም እንደዚያው ነው። በ2005 ስሊምዚ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታወር ሃምሌትስ በሚባለው ክፍለ ከተማ ጣራዎች ላይ እንዳይወጣ ታገደ። አስቡት፣ ሰውዬው ለሙዚቃ ብሎ ጣራ የተከለከለ! ከ2007 ጀምሮ ሣራ ሎክሃርት የምትባል ባልደረባቸው የፈቃዱን ጉዳይ ይዛ ገባችበት፤ ማመልከቻ፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ስብሰባ። በ2010 የእንግሊዝ ብሮድካስት ተቆጣጣሪ የሆነው ኦፍኮም ፈቃድ ሰጣቸው፤ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ በ106.8 ኤፍኤም ሕጋዊ ሆነው ብቅ አሉ። አሥራ ስድስት ዓመት ጣራ ላይ ማለት ነው።

ልዩነቱ የት ነው? የሪንስ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ፈቃድ ነው። ይህ ዓይነቱ ፈቃድ ለኪስ ጊዜ አልነበረም፤ በ2004 በወጣ ደንብ ነው የመጣው። ያዢው ለትርፍ መቋቋም አይችልም። የሚገባው ገንዘብ ወደ ጣቢያውና ወደሚያገለግለው ሕዝብ ይመለሳል። የሰፈሩ ሰው በአሠራሩ ላይ እጁ እንዲኖር፣ ሥልጠና እንዲሰጥ፣ ያልተሰማ ሙዚቃ እንዲሰማ ቃል ይገባሉ፤ የገቡትን ቃል ካልጠበቁ ይጠየቃሉ። ማስታወቂያ ላይ ገደብ አለ፣ የስርጭቱም ኃይል ትንሽ ነው። ሀብታም አያደርግም። ግን ትልቅ ኩባንያ መጥቶ ጠቅልሎ በሞገዱ ላይ የራሱን የተለመደ ሙዚቃ ሊጭንበት አይችልም። ዛሬም 106.8ን ስከፍት የማላውቀው ዘፈን ነው የሚመጣው፤ አንዳንዴ ራሴን ያመኛል፣ ግን ያው ሪንስ ነው።

ካሮላይንስ? ካሮላይንም በ2017 ከኦፍኮም ያገኘችው የማኅበረሰብ ፈቃድ ነው፤ መርከቦቹን የከለከለው የ1967ቱ ሕግ ከወጣ ልክ በ50 ዓመቱ። የተሰጣትም ሞገድ 648 ኪሎኸርዝ፣ ቀድሞ የቢቢሲ ወርልድ ሰርቪስ የነበረው። ኦራሂሊ ይህንን ሊያይ በሕይወት ነበር፤ በ2020 ነው ያረፈው።

ጽሑፋችሁ «እኛም አገር ቢለመድ» ብሎ ያለፈው ነገር አለ። ምኑ ይለመድ? እኛ አገር ያለ ፈቃድ ማሰራጨት ሲባል ሰው ትዝ የሚለው የዘፈን ሬዲዮ አይደለም፤ የጦርነት ዘመን ሬዲዮ ነው። ድምፂ ወያነ ከበረሃ ያሰራጭ ነበር፤ ድርጅቱ ሲያሸንፍ መቐለ ገብቶ መደበኛ ጣቢያ ሆነ። እዚያ ፈቃዱን ያመጣው ድሉ ነው፤ የሰፈር ልጆች ደጅ ጠንተው ያገኙት ነገር አይደለም። የግል ኤፍኤሞቹ፣ ሸገር 102.1ም ቢሆን በ2000 ዓ.ም. ሲጀምር፣ ፈቃዳቸውን ይዘው ነው አየር ላይ የወጡት። ስለዚህ ከለንደን የሚቀዳው ጣራ ላይ መውጣቱ አይደለም። ለትርፍ ላልቆመ ትንሽ ጣቢያ የተለየ በር መክፈቱ ነው፤ ያም በር በኛ ሕግ ውስጥ በስም አለ፤ አዋጅ 1238/2013 የማኅበረሰብ ብሮድካስትን ያውቀዋል። ውጭ ያለነውም ብንሆን፣ ለምሳሌ ዋሽንግተን አካባቢ ለዓመታት የአማርኛ ፕሮግራም የሚሠሩት ወገኖች የሌላ ጣቢያ ሰዓት እየተከራዩ ነው። ኪራይ ከተወደደ ወይም ባለቤቱ ጣቢያውን ከሸጠ ድምፁም ያበቃለታል። እነሱን ብታነጋግሩ ከኔ የበለጠ ይነግሯችኋል።

አንድ ነገር ልጠይቅና ላብቃ። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ አንድ ጣቢያ ሕጋዊ መሆን ስትጽፉ የፈቃዱን ዓይነትና የያዘውን ድርጅት ስም ጻፉልን። ከባድ ሥራ አይደለም። ኦፍኮም እያንዳንዱ የማኅበረሰብ ጣቢያ የገባውን ቃል ድረ ገጹ ላይ አውጥቶታል፤ የሪንስንም የካሮላይንንም ማንም ሰው ከፍቶ ማንበብ ይችላል። የኪስንም አንቀጽ አርሙት እባካችሁ፤ ጽሑፋችሁ አሁንም በ100 ኤፍኤም እንደሚሰማ ነው የሚለው።

ከሰላምታ ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከለንደን