ይድረስ ለወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦ ኮምፒውተሮቹ ዛሬም ከነካርቶናቸው ናቸው

ክቡር ሆይ፣

በቃልም በማመልከቻም ስንለው የከረምነውን ነገር ዛሬ አደባባይ የማወጣው ወድጄ አይደለም። ማመልከቻችንን መዝገብ ቤታችሁ ቁጥር ሰጥቶታል። መልስ የሰጠው ግን የለም። ቢሮ ስመጣ «ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ ስደውል «ፊልድ ወጥተዋል»። እሺ፣ ይሁን።

ጉዳዩን ያውቁታል። ውጭ ያሉ የአካባቢያችን ልጆች፣ ገሚሱ አሜሪካ፣ ገሚሱ ዓረብ አገር፣ አዋጥተው ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር ላኩ። ዕቃው የገባ ዕለት ድፎ ተቆርሶ፣ እርስዎም ንግግር አድርገው፣ ፎቶ ተነሥተዋል። ከዚያ ክፍሉ ተቆለፈ። ለምን ስንል «ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) አልተቆረጠለትም፣ ርክክቡ አላለቀም» ተባልን። ሞዴል 19 ለመቁረጥ አንድ ጥራዝ፣ አንድ እስክሪብቶና አንድ የንብረት ሠራተኛ ይበቃል። ሦስቱም እናንተ ጋ አሉ። የንብረት መመሪያውን እኔ ለእርስዎ አላስተምርም።

የተቆለፈው በር ላይ የተሰቀለውን ባነር ያስታውሱታል? «በዓለም አቀፍ ደረጃ ተወዳዳሪ ትውልድ እናፈራለን» ይላል። አሁን ፀሐይ በልቶታል፤ «እናፈራለን» የሚለው ብቻ ትንሽ ይነበባል።

ልጄ ባለፈው ዓመት 12ኛ ክፍል ተፈተነች። ብሔራዊ ፈተናው ከ2014 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ተገብቶ እንደሚሰጥ፣ ከ2016 ወዲህ ደግሞ ከፊሉ በኦንላይን እንደሆነ ያውቃሉ። የሷ ዕጣ ኦንላይን ሆነ። የአይሲቲ መምህሯ፣ እግዜር ይስጠው፣ ካርቶን ላይ ኪቦርድ ሥሎ፣ ፊደሎቹን በማርከር ጽፎ፣ ተራ በተራ ጣታቸውን እያስቀመጡ እንዲለማመዱ ያደርግ ነበር። ማውስ ግን በካርቶን አይሠራ ነገር። ፈተናው ላይ ቀስቱ እየሸሸባት፣ «A»ን ነካሁ ስትል «B» እየተመረጠባት፣ ፈታኝ ለመጥራት እያፈረች ሰዓቷ አለቀ። «አባዬ፣ ከጥያቄው ይልቅ ማውሱን ስፈራ ነበር» አለችኝ። ዓመቱን ሙሉ የተማረችበት ክፍል ከተቆለፈው ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል። ማውሱ እዚያ ማዶ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ነበር።

በ2014 ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ የሆኑ ጊዜ «ተማሪው አያነብም» ሲባል ሰማን። ልጄ አንብባለች። ያላነበበው ቢሮዎ ነው፤ ማመልከቻችንን።

«መብራት የለም» ይባላል። ይጠፋል፣ ይመጣል፤ በመጣ ሰዓት ይከፈት። «ኔትወርክ የለም»። ለመተየብና ማውስ ለመያዝ ኔትወርክ ምን ያደርጋል? የፀጥታው ጉዳይ ገብቶናል፤ ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ በከረመበት ክልል የኛ መከፈቱም አንድ ነገር ነው። ግን ክፍት በሆነው ትምህርት ቤት ውስጥ ያንን አንድ ክፍል የዘጋው ጦርነት አይደለም። በዚህ መሀል መንግሥት ባወጀው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች (የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች) የኦንላይን ሥልጠና ላይ ስንት ሰው እንደተመዘገበ ሪፖርት ላኩ ትላላችሁ። መምህራኑ በየስልካቸው ተመዝግበው ኮታውን ሞሉላችሁ።

ደግሞ ዓለም ገና ጎጃም አልደረሰም ብለው እንዳይጽናኑ። ደርሷል፣ በደላላ በኩል። ከ1ኛ ክፍል ጀምራ እንግሊዝኛ ስትማር ኖራ፣ ከ9ኛ ጀምሮ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው ተብላ፣ ለቤይሩትና ለሪያድ የምትፈርመውን ውል ግን አንብባ የማትረዳ ልጅ ስንት አለች? ሰው ፓስፖርት ፎርም ለማስሞላት ኢንተርኔት ቤት የሚከፍለውንስ ቆጥራችሁታል?

መቼም ጎጃም ማስተማር አያውቅበትም አይባልም። ዋሸራ፣ ዲማ፣ ጎንጅ ቅኔ ፍለጋ የቆሎ ተማሪ ከትግራይም ከወሎም በእግሩ ይመጣ ነበር። ገና በቅኔው መጀመሪያ፣ ጉባኤ ቃና ላይ ያለ፣ ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ የሚቆጥር ልጅ እንኳ የትናንቱን መልሶ ቢያመጣ የኔታ አይቀበሉትም። በየቀኑ ከራሱ አዲስ ያወጣል። የኛ 11ኛ ክፍል ተማሪ ግን ኖቱን ቃል በቃል ካልመለሰ ማርክ ይቀነስበታል። ወደ ቅኔ ቤት እንመለስ እያልኩ አይደለም። ግን አሁን ያለው ዓለም ከሁለቱ የትኛውን ልጅ እንደሚፈልግ ለትምህርት ባለሙያ መንገር አለብኝ?

ሞዴል 19 ይቆረጥና ክፍሉ ይከፈት። ይሰረቃል ካላችሁ ጥበቃ እኛ እንቀጥራለን፤ በየወሩ አዋጥተን እንከፍላለን፣ ወላጅ ተስማምቷል። አይሆንም የምትሉ ከሆነም የማይሆንበትን ምክንያት በማኅተም ጽፋችሁ ስጡን። ኮምፒውተሩን የላኩት ልጆች «ተማሪዎቹ ለመዱ ወይ?» እያሉ በየሳምንቱ ይደውላሉ፤ ደብዳቤያችሁን ፎቶ አንሥተን እንልክላቸዋለን።

ከወላጅ ኮሚቴው አባል አንዱ
ምሥራቅ ጎጃም

ግልባጭ፦
ለዞኑ ትምህርት መምሪያ (የበፊቶቹም ግልባጮች እዚያው አሉ)
ለክልሉ ትምህርት ቢሮ