ቅዳሜ ላልመጣችሁ አባላት

ጤና ይስጥልን፣

የቅዳሜው የመጽሐፍ ክርክር አዳራሹ ከተዘጋም በኋላ እስከ ባጃጅ ተራ ድረስ ስለቀጠለ፣ ላልነበራችሁት ጥቂት ልበል። ወጣቷ ደራሲ በበኩር ልብ ወለዷ የፈጠረችው ምናባዊ ዓለም ገሚሶቻችንን ሌሊት አስነብቧል፤ ገሚሶቻችንን ገና በጅምሩ አስኮርፏል።

ዋናው ጠብ የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ናቸው። የነገሥታቱ የዘር ሐረግ ተዘርዝሮ ሳያልቅ ሰው የሚባል አናገኝም። መምህራችን ይህንኑ ወደውት ካርታ ሥለው መጥተዋል (ካርታው ከመጽሐፉ ይሻላል ብዬ ተቆጥተውኛል)። እኔ ግን የማላውቀው መንግሥት ቢወድቅ ምን ይጨንቀኛል?

የመንዙ አባላችን ትችት አሁንም ከጆሮዬ አልወጣም። ጠንቋይዋ ሣሩን ታጭዳለች፣ በማግስቱ ተመልሶ በቅሎ ይገኛል። «ጓሳን ያየ እንዲህ አይጽፍም» አሉ። እዚያ በመንዝ ሣር ምድር፣ በቀደመው ሥርዓት ሣሩ ለዓመታት ተከልሎ ይቆይና፣ ሲፈቀድ ብቻ ለቤት ክዳን ይታጨድ ነበር። አስማቱ ዋጋ ስለማያስከፍል ጀግናዋ አታሳዝንም ማለታቸው ነው።

«ተረት ለልጅ ነው» ላሉትም መልስ አልጠፋም፦ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ ብርሃን ታየ ብለው ቤተ ክርስቲያን ባሠሩበት በደብረ ብርሃን ተቀምጦ ይህን ማለት ይከብዳል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለተኛውን ክፍል እንጨርሳለን። ያቋረጣችሁም ኑ፤ ጋቢ አትርሱ፣ የአዳራሹ መስኮት አልተጠገነም።