ለከዚራው የቅርስ ፓርክ ሦስተኛ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የድሬ ልጆች፣ በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ፤

ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ በጣለው ዝናብና ነፋስ በድሬዳዋ ከዚራ ሠፈር ባለው ፓርካችን ውስጥ የአሮጌው የባቡር መጋዘን ጣሪያ ግማሹ ወርዷል። ሰው አልተጎዳም፤ አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጥበቃችን በሩ አጠገብ ስለተኙ ተረፉ። ጎህ ሲቀድ ስንደርስ መካከለኛው ወራጅ ተሰብሮ፣ አንድ ቆርቆሮ በአንዲት ምስማር ተንጠልጥሎ ነፋስ ሲያንኳኳው ነበር። ለቅርስነት ያሰባሰብናቸውን የድሮ የባቡር ዕቃዎች፣ ፋኖሶቹን፣ የትኬት መብሻውን፣ ፊሽካዎቹን፣ ወደ ጎረቤት ቤቶች አሽሽተናል። በፈረንሳይኛ የተጻፉት ሁለት የደመወዝ መዝገቦች ግን ውሃ ገብቷቸዋል። የሠፈሩ እናቶች ቅጠል በቅጠል እየገለጡ ነጠላ ላይ ሲያደርቁ ዋሉ። ቀለሙ ፈስሶ የሠራተኛው ስም የጠፋበት፣ ከስሙ አጠገብ የፈረመበት የአውራ ጣት አሻራ ብቻ የቀረበት ገጽ አለ። የማን አባት እንደሆነ ከእንግዲህ አናውቅም።

ይህ ሦስተኛ ጥሪያችን ነው። ደክሞናል። የሁለተኛው ጥሪ መዋጮ በመሃል ቆሞብናል፣ አሁን ደግሞ ይህ መጣ። ግን ዝም ብንል የሚቀጥለው ዝናብ የቀረውን ይወስደዋል።

የሠፈሩን ታሪክ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር ባይደርስ ኖሮ፣ ፈረንጆቹ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ያሏት ይህች ከተማ አትኖርም ነበር። ስንጀምር ግቢው የቆሻሻ መጣያ ነበር። ጠርገን፣ ኒም ተክለን፣ ከድሮ ሐዲድ ቁርጥራጭ አግዳሚ ወንበር አሠርተን፣ ከየቤቱ የተሰጠንን ዕቃ ሁሉ ለሰጪው ደረሰኝ እየጻፍን መዝግበናል። ዛሬ ልጆች በኒሙ ጥላ ሥር ያጠናሉ። ይህ ሁሉ የተሠራው በእናንተ መዋጮ ነው።

አሁን ወደሚያማን ነገር እንምጣ። «ገንዘቡን ወረቀት በላው፤ በዚያ ብር ጣሪያው ሁለት ጊዜ ይሠራ ነበር» የሚል ወሬ ሰምተናል። እውነት ነው፣ ካለፈው መዋጮ ትልቁ ድርሻ ለቀያሽ፣ ለልኬትና ለፕላን ወጥቷል። ያወጣነው አውቀን ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገና አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ይፈልጋል። ልኬትና ፕላን ሳይኖር ደግሞ ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር የለም። አንድ ወንድማችን ሲሚንቶ በመኪና ጭኖ ሊልክልን ፈቅዶ ነበር፤ አላህ ይስጠው። ያልተቀበልነው ንቀን አይደለም። ግድግዳው በኖራ የተያያዘ ድንጋይ ነው። ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ አስቀርቶ ድንጋዩን ያፈራርሰዋል፤ ያለ ፈቃድ ብንለስነው ደግሞ ጥፋተኞቹ እኛ ነን።

«ፓርክ ከሆነ መንግሥት ለምን አይዘውም?» የሚሉም አሉ። የዱር እንስሳ ፓርኮች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው። የእኛ ግን የቅርስ ጉዳይ ስለሆነ መንገዱ ሌላ ነው። ቅርሱ መጀመሪያ ይመዘገባል። ከዚያ አዋጅ 839/2006 አገር አቀፍና ክልላዊ ብሎ በሚለየው መሠረት ደረጃው ይታያል። ድሬዳዋ ክልል ባትሆንም በቻርተሯ፣ ማለትም በራሷ መተዳደሪያ አዋጅ፣ የምትተዳደር ተጠሪነቷም ለፌዴራል መንግሥት የሆነች ከተማ ናትና ፋይላችንን የጀመርነው በከተማው አስተዳደር በኩል ነው። ትልቁ ደረጃ ደግሞ አለ። የማይንቀሳቀሱ ቅርሶች ተሰባስበው የሚገኙበት ቦታ በሚኒስትሮች ምክር ቤት «የተከለለ ቦታ» ተብሎ ሊታወጅና በነጋሪት ጋዜጣ ሊወጣ ይችላል። ያኔ ያለ ፈቃድ መቆፈር፣ መንገድ ማውጣት፣ ቤት መሥራት አይቻልም። ለዚህ ሁሉ የመጀመሪያው ጥያቄ «ወሰኑ የት ድረስ ነው?» የሚል ነው፤ መልሱም ያ «ገንዘብ በላ» የተባለው ካርታ ነው። ጎረቤታችን የሐረሩ ጀጎል ግንብ በ1998 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ግንቡ ብቻውን አልበቃውም፤ ወሰኑ በካርታ፣ አስተዳደሩም በሰነድ መቅረብ ነበረበት።

ቦታው ቢከለል የኮሚቴው ንብረት አይሆንም፤ እንዲሆንም አንፈልግም። ባረቀቅነው የአስተዳደር ዕቅድ ላይ የከተማው ባህል ቢሮ፣ ቀበሌው፣ የባቡር ጡረተኞችና የሠፈሩ ሴቶች ወንበር አላቸው። የቁልፉና የሒሳቡ ኃላፊነትም ለተለያዩ ሰዎች ተሰጥቷል።

አሁን የምንፈልገው ለጊዜው ጣሪያውን የሚሸፍን ጠንካራ ሸራ፣ ፈቃዱ እንደመጣ ለሚሠራው ጣሪያ እንጨትና ቆርቆሮ፣ ኖራ፣ ኖራ የሚያውቅ ግንበኛ የቀን አበል፣ የጥበቃችንም ሁለት ወር የዘገየ ደመወዝ ነው። ይህ የመጨረሻው ያሳፍረናል። እሳቸው ሳይከፈላቸው ነው ጣሪያው ሥር ያደሩት።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 91 ቅርስ መጠበቅ የመንግሥትም የዜጋም ግዴታ ነው። ሙስሊሙ ወገናችን ሰደቀቱል ጃሪያ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ሰው ከሞተ በኋላ እንኳ ምንዳው አይቋረጥም። ክርስቲያኑም ወገናችን ለአባት መታሰቢያ ማድረግን ያውቃል። የአባቶቻችን አሻራ እዚያ መዝገብ ላይ ነው፤ ቃል በቃል።

የምትሰጡት በንግድ ባንክ በኮሚቴው ስም ወደተከፈተው ሒሳብ ብቻ ይግባ። ወጪ የሚሆነው በሦስት ሰው ፊርማ ነው። ቁጥሩ ማህተም ባለው ደረሰኛችንና በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አለ። እባካችሁ በስልክ መልእክት የሚላክላችሁን ቁጥር አትቀበሉ፤ ባለፈው ጊዜ በስማችን የለመነ ሰው ነበር። ውጭ ያላችሁ ቤተሰብ ልካችሁ ከሰሌዳው አስነብቡ። ባንክ ከከተታችሁ በኋላ ወረቀቱን አምጡና ደረሰኝ ውሰዱ፤ ደረሰኝ ያልያዛችሁበትን ገንዘብ እንደደረሰን አትቁጠሩ። ያለፈው መዋጮ ገቢና ወጪም እዚያው ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፤ የቀያሹ ክፍያ ጭምር።

እሑድ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ የተንጠለጠለውን ቆርቆሮ አውርደን ሸራ እናለብሳለን። ጓንትና መሰላል ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ገንዘብ በእጅ አንቀበልም፤ በባንክ ብቻ፣ በኮሚቴው ስም።