አባባ፣ ናፍጣውን በአፍዎ አይሳቡት

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን። ልጆቹም ደህና ናቸው። የትልቁ ድምፅ መጎርነን ጀምሯል። ስልክ ሲያነሳ ሰው እኔ እየመሰልኩት ጉዳዩን ሁሉ ይዘረግፍለታል።

ደብዳቤ የምጽፍልዎ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። በስልክ እኔ ስለ ናፍጣ ሳነሳ እርስዎ ስለ ዝናብ ይጀምራሉ። ስለ ሐኪም ሳነሳ ደግሞ "ኔትወርኩ ይቆራረጣል" ይሉኛል። የሚቆራረጠውም ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ ሲደርስ ነው። ወረቀት አይቆራረጥም። ሌላ ሰው የሚያነብልዎ ከሆነ ግን መሃሉን ይዝለለው። እዚያ ላይ ትንሽ እቆጣለሁ።

ባለፈው ስመጣ ያየሁትን ልንገርዎ። የመስኖውን ፓምፕ ሊያስነሱ ነበር። ጎማ ቱቦዋን ጀሪካኑ ውስጥ ከተቱ። ሌላውን ጫፍ አፍዎ ላይ አድርገው ሳቡ። ናፍጣው መጣ። እንትፍ አሉና አፍዎን በእጅጌዎ ጠረጉ። ከዚያ ጀሪካኑ አፍ ላይ የቀረችውን ጠብታ በጣትዎ ጠርገው ወደ ሰርባቶዮው፣ ወደ ፓምፑ ነዳጅ መያዣ፣ መለሷት። እኔ ዳር ቆሜ አያለሁ። ለጠብታዋ እንዲህ የተጨነቀ ሰው ለሳንባው ምንም አልተጨነቀም።

ናፍጣም ሆነ ቤንዚን ትልቁ ጉዳቱ ሆድ ሲገባ አይደለም። በትንታ ወደ ሳንባ ሲወርድ ነው። ጥቂቱ እንኳ ሳንባን አቁስሎ ከሳንባ ምች ያላነሰ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ድንገት ከተዋጠ ደግሞ ለማስታወክ አይሞከርም፤ ሲመለስ ነው ወደ ሳንባ የሚንሸራተተው። ቶሎ ሐኪም ቤት ነው የሚኬደው። በእጅ እየተጨመቀ የሚስብ ትንሽ መሳቢያ ገዝቼልዎታለሁ። እስክመጣ ድረስ ጀሪካኑን ከፍ ያድርጉና በማጥለያ ቀስ ብለው ይገልብጡት። በአፍ ግን በቃ።

"ናፍጣው ምን ሆኖ ነው እንዲህ የተወደደው?" ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ያን ዕለት አልመለስኩልዎም። አሁን የማውቀውን ልንገርዎ። ድፍድፍ ነዳጅ በዓለም ገበያ የሚሸጠው በበርሜል ነው። አንዱ በርሜል 159 ሊትር ነው። ዋጋው የሚቆረጠው ደግሞ እኛን በማያውቁን ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የአረብ ነዳጅ አምራቾች ለአንዳንድ አገሮች አንሸጥም ሲሉ፣ 3 ዶላር ገደማ የነበረው በርሜል በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወርር ከ120 ዶላር አለፈ። መሃል ላይ ደግሞ አንድ የሚያስቅ ነገር ሆኗል። በኮሮና ጊዜ፣ ሚያዝያ 2020፣ ለአንድ ቀን ያህል የአሜሪካ ድፍድፍ ዋጋ ከዜሮ በታች ወረደ። ማከማቻ ጠፍቶ ሻጭ ለገዢ ጨምሮ ከፈለ ማለት ነው! ያን ሰሞን ናፍጣ በነፃ የሰጠዎት ሰው አለ? እኔንም የሰጠኝ የለም። የኢኮኖሚ ሰዎች ለዚህ ጠባይ አባባል አላቸው፦ የነዳጅ ዋጋ ሲወጣ እንደ ሮኬት፣ ሲወርድ እንደ ላባ ነው ይላሉ።

ገጠር ላይ ደግሞ ሌላ ይጨመርበታል። ናፍጣውን የሚያመጣው ቦቴ ራሱ ናፍጣ እየጠጣ ነው የሚመጣው። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ሒሳቡ ይረዝማል። ከተማ ያለሁት እኔ ቤንዚን ሲወደድብኝ አውቶቡስ እሳፈራለሁ፣ ካልሆነም በእግሬ እሄዳለሁ። እርስዎ ፓምፑን በምን ይተኩታል? ማዳበሪያውም ቢሆን የዚሁ ቤተሰብ ነው። የናይትሮጅን ማዳበሪያ መነሻው አሞንያ ነው፤ አሞንያ በብዛት የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ጋዝ ሲወደድ ማዳበሪያውም ይከተላል። ስለዚህ አንዱን ዋጋ ሦስት ጊዜ ይከፍላሉ፦ ለፓምፑ፣ ለማዳበሪያው፣ ምርቱን ለሚጭነው መኪና።

እንግዲህ የምቆጣው እዚህ ላይ ነው። ባለፈው ወር የሐኪም ቀጠሮዎን ዘለሉ። ከእርስዎ አይደለም የሰማሁት። "ለሞተር ሳይክሉ ቤንዚን ከማቃጥል ለፓምፑ ናፍጣ ልግዛበት" አሉ አሉ። አባባ፣ እኔ ያን ገንዘብ የላክሁት ለቤንዚን ነበር። የደም ግፊት መድኃኒት ደግሞ ሲሻል የሚተው፣ ሲያም የሚጀመር ነገር አይደለም። ግፊት ዝም ብሎ ነው የሚሠራው። ከሚቆጥቡት ሊትር ሁሉ የመጨረሻው መሆን ያለበት ወደ ሐኪም የሚወስድዎ ሊትር ነው። እርስዎ መጀመሪያ የቆረጡት እሱን ነው።

የት ይቆረጥ ካሉኝ ላሳይዎት። ከፓምፑ ወደ ማሳው የሚሄደው ቱቦ ላይ በከመነዳሪ የታሰረች ቀዳዳ አለች አይደል? ያን ቀን አጠገቧ ተቀመጥኩ። ውሃው በማሰሪያው ሥር እየተረጨ ይወጣል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ቀስተ ደመና ይሠራል። ያምራል። ከሥሩ ያለውን ሳር ግን አዩት? ጉልበቴ ደርሷል። ከማሳው ሁሉ የለመለመው እሱ ነው። ያ ሳር በናፍጣ ነው የበቀለው። ላም እንኳ አልታሰረበትም።

ሁለተኛው ቱቦው ራሱ ነው። የድሮው ሲቀደድ ጠበብ ያለ ገዙ፤ ረክሶ ነው፣ ገባኝ። ግን ውሃ በጠባብ ቱቦ ሲገፋ ከግድግዳው ጋር ይታገላል። የቱቦው ስፋት በግማሽ ሲጠብ፣ ያንኑ ያህል ውሃ ለማሳለፍ በግጭት የሚባክነው ኃይል እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ ወደ 32 እጥፍ ይጠጋል። መጀመሪያ ሳነበው እኔም አላመንኩም። ፓምፑ ያን ያህል ጉልበት ስለሌለው ውሃው ይቀጥናል። ማሳው እስኪጠጣ ሞተሩ ረጅም ሰዓት ሲጮህ ይውላል። ረከሰ ያልነው ቱቦ በየቀኑ ከጀሪካኑ ይቀዳል ማለት ነው። ሰፊውን ይዤ እመጣለሁ።

ፓምፑንም ወደ ውሃው ያስጠጉት። እንዲህ ዓይነት ፓምፕ ሲገፋ ጎበዝ ነው፣ ሲስብ ግን ሰነፍ ነው። የሚስበው በአየር ግፊት እርዳታ ነው፤ በባሕር ወለል ላይ እንኳ በተግባር ከ7 ሜትር ገደማ በላይ መሳብ ይከብደዋል። ደጋ ላይ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ ከዚያም ያንሳል። ዳገቱ ላይ ያስቀመጡት ጭቃ እንዳይነካው ብለው እንደሆነ አውቃለሁ። ከሥሩ ድንጋይ እንደረድርለታለን።

ጭሱንም አየሁት። ጥቁር ነው። ጥቁር ጭስ ማለት በደንብ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው፤ ገንዘቡ ወደ ሰማይ ሲሄድ በዓይንዎ እያዩት ነው። የአየር ፊልትሮውን አውጥተው ያራግፉት። አቧራው ከጠጠረበት ይቀየር። እሱም ካልረዳ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ኢንጀክተር መካኒክ ይየው።

አሁን ደግሞ ገንዘብ የማያስወጣውን ልንገርዎ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ያጠጣሉ። ፀሐይዋ ከላይ፣ እርስዎ ከታች ሆናችሁ ትካፈሉታላችሁ። ጎህ ሲቀድ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቢያጠጡ የሚተነው ይቀንሳል። ገለባውንም አያቃጥሉት፤ በተክሎቹ መሃል ያልብሱት። አፈሩ ከለበሰ እርጥበቱ ይሰነብታል። በሦስት ቀን የሚያጠጡትን በአራት ቀን ካደረጉት፣ ከዚያ የሚተርፈውን ናፍጣ ማንም ሞተር አይሰጥዎትም።

ስለ ሞተር ሳይክሉ ብዙ አልልም። ችግሩ ሞተሩ አይደለም፣ ወንድሜ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የንፋሱ ግፊት አራት እጥፍ እንደሚሆን ንገሩት። አይሰማም፤ ግን ንገሩት። የጎማውንም ንፋስ ይመልከት፤ የላላ ጎማ ቤንዚን ይበላል። እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ዕቃ ላወርድ መኪናዬን በር ላይ አቁሜ ሞተሩን ሳላጠፋ ስገባ ትዝ ይልዎታል? እጅዎን በመስኮት አስገብተው ቁልፉን አጠፉትና "ሰው በሌለበት ቤት መብራት ይበራል?" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሚኒሞ ላይ ትቼው አልወርድም። ለካ ከአሥር ሰከንድ በላይ የሚቆም ከሆነ አጥፍቶ ማስነሳቱ ያዋጣል። መጽሐፍ ሳያነቡ አውቀውታል።

ማደያ የምትሄዱትም ሰፈሩ ሁሉ ለየብቻ ነው። 20 ሊትር ለማምጣት ደርሶ መልስ 2 ሊትር ከተቃጠለ፣ ከአሥር እጅ አንዱ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። አራት ሆናችሁ በአንድ መኪና ብታስመጡ ያ ይከፋፈላል። ብቻ ሲከማች ቤት ውስጥ እንዳይሆን፣ በተለይ ቤንዚኑ። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል። ወለሉን እየሳበ ሄዶ ምድጃውን ያገኘዋል፤ ብርድ ነው ብሎ መተማመን አይቻልም፣ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ይወጣዋል። ጀሪካኑንም እስከ አፉ አይሙሉት፤ ሲሞቅ ያብጣል።

የዚያን ርካሽ ጀሪካን ናፍጣ ነገርም እናንሳው። ከመንገድ ላይ የገዙትን። ሻጩን አልወቅስም፤ እሱንም ከላይ የሸጠለት አለ። ግን ፓምፑ ተንቆራጠጠና ቆመ፤ ለመካኒክ የከፈሉት ከናፍጣው ትርፍ በለጠ። ናፍጣ ውስጥ ውሃ ከገባ ኢንጀክተር ያበላሻል። ቤንዚን በላምባ ከተበረዘ ሞተሩ ያንኳኳል። ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው፦ ላምባ ውስጥ ቤንዚን ከተቀላቀለ ኩራዙም ምድጃውም ቦምብ ይሆናል። ለናፍጣው ቀላል ዘዴ አለ። በነጭ ጠርሙስ ትንሽ ቀድተው ያሳድሩት። ናፍጣ ከውሃ ይቀላል፤ የአንዱ ሊትር ክብደት ከ0.85 ኪሎ እምብዛም አይበልጥም። ውሃ ካለ ከሥር ተቀምጦ ያገኙታል። የላምባውን ብርዝ ግን ጠርሙስ አይለየውም። ለእሱ ያለው መላ ከማደያ መግዛት ነው።

የፀሐይ ፓምፑን በተመለከተ "ያዋጣል ወይ?" ብለዋል። እኔ ያዋጣል ባይ ነኝ፣ ግን በችኮላ አይደለም። የፓኔል ዋጋ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ወደ 90 በመቶ ወርዷል። የሚከብደው መጀመሪያ የሚወጣው ነው፤ ናፍጣ በየጀሪካኑ ይከፈላል፣ ፓኔል ግን ባንዴ። ስለዚህ ለብቻ ሳይሆን ውሃውን ከሚጋሩት ሁለቱ ጎረቤቶች ጋር ቢሆን ይሻላል። ባትሪም አያስፈልግም። ቀን ፀሐይ እያለ ውሃውን ከፍ ያለ ታንከር ላይ ማጠራቀም ነው፤ ማታ ራሱ ይወርዳል። ባትሪ ያረጃል፣ ታንከር ግን ይቆያል። አንድ የምፈራው ነገር አለ። ውሃው በነፃ የመጣ ሲመስል ሰው ሳይለካ ይስባል። በሕንድ ፑንጃብ ለገበሬ የመስኖ ኤሌክትሪክ ነፃ ሆኖ ቆይቷል፤ የከርሰ ምድር ውሃቸውም ከዓመት ዓመት ወደ ታች እየራቀ ሄዷል። ናፍጣ ውድ መሆኑ ለጉድጓዱ ዘበኛ ሆኖለታል ብል ይቆጡኛል? ፓኔሉ ሲመጣ ዘበኛው እርስዎ ነዎት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ እመጣለሁ። ሰፊውን ቱቦና መሳቢያውን እይዛለሁ። ሰኞ ደግሞ አብረን ሐኪም ቤት እንሄዳለን፤ ቀጠሮውን ደውዬ አሲዣለሁ። ቤንዚኑም የእኔ ነው፣ መኪናውም የእኔ ነው፣ ስለዚህ ምክንያት የለም። እስከዚያ ከአዲሱ ጀሪካን አንድ ጠርሙስ ቀድተው መስኮቱ ላይ ያስቀምጡልኝ። አያንቀሳቅሷት። ከሥሯ ያለውን አብረን እናየዋለን።

ልጅዎ