ጣሪያው ላይ ቆሜ አሰብኩሽ

ይድረስ ለእህቴ፣

እንዴት ነሽ? እማዬስ ደህና ናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ብርዱ ብቻ ነው ያስቸገረኝ። የላክሽልኝን ሥዕል ሦስቴ አየሁት። መልስ ያዘገየሁት በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ነገር ስላልመሰለኝ፣ ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብዬ ነው።

የመመረቂያ ፕሮጀክትሽ ተዳፋት ላይ የሚቆም የባህል ማዕከል መሆኑን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ሥዕሉን ሳየው ግን ትንሽ ቅር አለኝ። ሕንፃውን ሠርተሽ ከጨረስሽ በኋላ ነው አረንጓዴ ያለበስሽው። ግድግዳው ላይ ሐረግ፣ ጣሪያው ላይ ሳር፣ በቃ።

እንዳትቀየሚኝ። እኔ እዚህ ቢሮ ስገባ የሠራሁት ከዚህም የባሰ ነበር። ኮረብታ ላይ የሚቆም ቤተ መጻሕፍት ነበር፤ ኮረብታውን በሰፊው ቆርጬ ሕንፃውን ውስጡ ቀበርኩት። ከሩቅ አይታይም፣ እና ጎሽ የምባል መስሎኝ ነበር። አለቃዬ ሴክሽኑን፣ ኮረብታውና ሕንፃው ከላይ እስከ ታች ተቆርጠው የሚታዩበትን ሥዕል፣ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ እርሳሷን ከኮረብታው ጫፍ አስነስታ ቁልቁል እየጎተተች መጣችና የቤተ መጻሕፍቱ የኋላ ግድግዳ ላይ ስትደርስ ቆመች። «ይሄ ውሃ ከዚህ ወዴት ይሂድ?» አለችኝ። ምን እላለሁ? ከላይ የሚወርደውን ዝናብ በሙሉ አምጥቼ መጻሕፍቱ ጀርባ ላይ ገድቤዋለሁ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ያንቺም ሴክሽን ላይ ያንኑ እርሳስ ጎትቼ አየሁት። ይቆማል። የት እንደሚቆም አልነግርሽም፣ ራስሽ ሞክሪው።

ባለፈው እሑድ ዴንማርክ ውስጥ ኦርሁስ ከተማ አጠገብ ያለው ሞስጎር ሙዚየም ሄጄ ነበር። የሄኒንግ ላርሰን የሥነ ሕንፃ ቢሮ የሠራው ነው፣ በ2014 ተከፈተ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ)። ጣሪያው ሳር የለበሰ አንድ ትልቅ ተዳፋት ነው። ከመሬት ይነሳና ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣል፤ በር ሳትከፍቺ፣ ትኬት ሳትቆርጪ፣ እየተራመድሽ ሳታውቂው ጣሪያ ላይ ነሽ። በረዶ ወርዶ ስለነበር ልጆች እየተንሸራተቱ ይጮኻሉ። ከእግራችን በታች ደግሞ ከ2000 ዓመት በላይ ረግረግ ውስጥ ሳይበሰብስ የቆየው ሰው፣ ግራውባለ የሚሉት፣ መስታወት ውስጥ ተኝቷል። እዚያ ቆሜ ነው አንቺን ያሰብኩሽ። ሳሩ እዚያ ሥራ አለው። ኮረብታው ላይ የሚመላለሰው ሰው መንገዱ እንዳይቆረጥበት ነው የተደረገው። ያንቺ ሳር ላይ ግን ማንም አይወጣም፣ ደረጃ እንኳ የለውም።

ደግሞ ከአካባቢው ጋር መመሳሰል ማለት መደበቅ አይደለም። ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ባለችው ኒው ካሌዶንያ፣ ኑሜያ ከተማ ያለውን የዣን-ማሪ ቺባው የባህል ማዕከል ፈልገሽ እዪው፤ ሬንዞ ፒያኖ የሠራው ነው፣ በ1998 የተከፈተ። ከእንጨት የተሠሩ አሥር ጎጆ መሰል ነገሮች ናቸው። ረጅሙ 28 ሜትር ነው፣ ጭራሽ የሚደበቅ አይደለም! መልኩ የመጣው ከካናክ ሕዝብ፣ ከደሴቲቱ ነባር ነዋሪዎች፣ ጎጆ ነው። ግን እኔን የሚገርመኝ መልኩ አይደለም። ግድግዳው ድርብ ነው፣ በሁለቱ መሀል አየር ይመላለሳል። መከለያዎቹ ነፋሱ ሲደክም ይከፈታሉ፣ ሲበረታ ይዘጋሉ። ከባሕር የሚመጣውን ነፋስ ተቀብሎ ቤቱን ያቀዘቅዝበታል። ከቦታው ጋር መስማማት ማለት ለኔ ይሄ ነው።

መቅበር ርካሽና ንጹሕ መፍትሔ ይመስላል። ጃፓን ናኦሺማ ደሴት ላይ ታዳኦ አንዶ የሠራው ቺቹ ሙዚየም አብዛኛው ከመሬት በታች ነው፣ ሥዕሎቹም የሚታዩት በተፈጥሮ ብርሃን ነው። በጣም እወደዋለሁ። ግን አፈር የሚገፋው ግድግዳ ሁሉ ኮንክሪት ይበላል፤ በዓለም ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 8 ከመቶ ገደማው ደግሞ ከሲሚንቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ያ ሁሉ ሪቴይኒንግ ዎል (አፈር ደግፎ የሚይዝ ግድግዳ) ያለበትን ሥዕል «ለተፈጥሮ ተስማሚ» ብለሽ ስትጽፊበት ፈታኞችሽ እንዳይዙሽ።

ደቡብ አፍሪካ ማፑንጉብዌ ያለውን የጎብኚዎች ማዕከልም አትለፊው፣ የፒተር ሪች ሥራ ነው። ለጉልላቶቹ 200,000 ገደማ ሸክላ የተሠራው ከዚያው አፈር ነው፣ ትንሽ ሲሚንቶ ተጨምሮበት። የሠሩት የአካባቢው ሥራ አጥ ሰዎች ናቸው፣ ሠልጥነው። በ2009 የዓለም የሥነ ሕንፃ ፌስቲቫል የዓመቱ ምርጥ ሕንፃ አለው። ቀለሙ ከድንጋዩ ጋር ለምን እንደተስማማ አትጠይቂኝ፣ ያው አፈሩ ነዋ!

ጣሪያሽ ላይ 30 ሴንቲ አፈር ጽፈሻል። ከአዳራሹ በላይ፣ ያለ ምሰሶ፣ 14 ሜትር። ውሃ የጠገበ አፈር በዚያ ውፍረት በካሬ ሜትር ከ500 ኪሎ በላይ እንደሚመዝን አስበሽበታል? ሳን ፍራንሲስኮ ያለው የካሊፎርኒያ ሳይንስ አካዳሚ 1.7 ሚሊዮን ተክል የተሸከመው 15 ሴንቲ ገደማ አፈር ላይ ነው። (ግድግዳው ውስጥ ለሙቀት መከላከያ የገባው የተፈጨ አሮጌ ጂንስ ነው፣ ይሄን ለእማዬ ንገሪያት፣ ትስቃለች።) አፈሩን ቀንሺው፣ ወይ ምሰሶ አስገቢ።

አሁን ሥዕሉን ለጊዜው ዝጊው። ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላ ይዘሽ ሕንፃው የሚቆምበት ቦታ ላይ ሂጂና ውሃው በየት በየት እንደሚወርድ በስልክሽ ቅረጪው፤ ዛፎቹ ወዴት እንዳዘነበሉም እዪ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ይነግሩሻል። ከዚያ ቪዲዮውን የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ ከሚያሳየው የኮንቱር ካርታ ጋር ላኪልኝ። ቅዳሜ ማታ ሥራ የለኝም፣ እደውልልሻለሁ። እማዬን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ