የአርሲና የባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር እዚያው ይመዝገብ

ለኢ.ፌ.ዲ.ሪ. ጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ
ግልባጭ፦ ለኦሮሚያ ጤና ቢሮ

ጉዳዩ፦ በአርሲና በባሌ ሕዝብን መሠረት ያደረገ የካንሰር ምዝገባ እንዲጀመር ስለመጠየቅ

ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ አልፎ እስከ ደቡብ አፍሪካ በሚዘልቀው መስመር የምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር ከሌላው አፍሪካ በርክቶ ይታያል። አዲስ አበባ በኢንዶስኮፒ (የምግብ ቧንቧን በካሜራ በሚያይ ምርመራ) ክፍል የሠራ ሁሉ ከአርሲና ከባሌ የሚመጣው ታካሚ እንደሚበዛ ያውቃል፤ የታተሙ ጥናቶችም ይህንኑ ይላሉ። ከመቶ ሺህ ነዋሪ በዓመት ስንቱ እንደሚያዝ ግን የሆስፒታል መዝገብ አይነግረንም። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የአዲስ አበባ ካንሰር ምዝገባ የሚቆጥረው የከተማዋን ነዋሪ ነው። አገራዊው ግምት በአመዛኙ በእሱ ላይ ስለሚያርፍ፣ በሽታው የሚበረታበት ገጠር ከስሌቱ ውጭ ይቀራል።

የመጀመሪያው ስሕተት የሚፈጠረው ካርድ ክፍል ነው። ከሮቤ የመጣ ገበሬ አድራሻ ሲጠየቅ ያረፈበትን የዘመድ ቤት ክፍለ ከተማና ስልክ ይሰጣል። ለቀጠሮ የሚደወለው እዚያ ስለሆነ አላጠፋም፤ መዝገቡ ላይ ግን የአቃቂ ነዋሪ ሆኖ ይቆጠራል። ባሌ አንድ ሲጎድልባት አዲስ አበባ አንድ ይጨመርባታል። ስለዚህ ቅጹ ላይ «አሁን ያረፉበት» እና «ላለፉት 12 ወራት የኖሩበት ወረዳና ቀበሌ» ለየብቻ ይጻፉ። ካንሰሩ ለመብቀል ብዙ ዓመታት ስለሚወስድ ያደጉበት ወረዳም ቢጨመር ደግ ነው።

ዕድሜ ከዚህ ይብሳል። የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው ሰው አርባ፣ አርባ አምስት፣ ሃምሳ ይላል፤ አርባ ሦስት የሚል እምብዛም አይገኝም። መዝጋቢው የተነገረውን ብቻ ከመጻፍ «በአብዮቱ ጊዜ ስንት ዓመትዎ ነበር? በ77ቱ ድርቅ አግብተው ነበር? ደርግ ሲወድቅስ የመጀመሪያ ልጅዎ ተወልዶ ነበር?» እያለ ያስላ። ሕዝባችን ወጣት በመሆኑ ጥሬው ቁጥር ከአውሮፓው ጋር ሲተያይ ያታልላል፤ በየአምስት ዓመቱ የዕድሜ ክፍል ተሰልቶ በመደበኛ ሕዝብ፣ ማለትም ለሁሉም አገር አንድ ተደርጎ በተወሰደ የዕድሜ ስብጥር፣ ካልተመዘነ ንጽጽር የለም። በኬንያ ቦሜት በሚገኘው ቴንዌክ ሆስፒታል ዕድሜያቸው 30 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ታካሚዎች በተደጋጋሚ ታይተዋል። የእኛም ወጣቶች በግምት ዕድሜ ምክንያት ከመዝገብ ሊሰወሩ አይገባም።

በዓለም ደረጃ ከአሥር ታማሚ ሰባቱ ወንድ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ግን በብዙ ቦታ ሴቱ ወደ ወንዱ ይጠጋል፣ ሴቶቻችን ደግሞ ሲጋራ እምብዛም አያጨሱም። ትምባሆና አልኮል ሌላ አገር የሚሰጡት ማብራሪያ እዚህ ብቻውን አይበቃም። የማድቤት ጭስ፣ ጫት፣ ትኩስ ገንፎ ሁሉም ተጠርጥረዋል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 እ.ኤ.አ. ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥን ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ብሎ መድቦታል።

«ትኩስ ይወዳሉ?» ብሎ መጠየቅ ግን ከንቱ ነው፤ አልወድም የሚል ማን አለ? በሰሜን ኢራን ጎለስታን ተመራማሪዎች ከ50 ሺህ በላይ ሰው ሲከታተሉ ሁለት ብርጭቆ ሻይ እኩል ይቀዱና በአንዱ ቴርሞሜትር ያስገቡ ነበር። 75 ዲግሪ ሲደርስ ሰውየው ከሌላው ፉት ብሎ ቤቱ የሚጠጣው እንዲያ ስለመሆኑ ይጠየቃል፤ አይደለም ካለ ሙቀቱ በ5 ዲግሪ እስኪቀንስ ተጠብቆ እንደገና ይጠየቃል። በዚህ መንገድ፣ 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሞቀ ሻይ በቀን ከ700 ሚሊ ሊትር ያላነሰ በሚጠጡት ላይ አደጋው በ90 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ለገንፎ ዘዴው ይስተካከል፤ ከዳር እየተቆረሰ መሃል ካለው ቅቤ እያጠቀሱ ስለሚበላ ሙቀቱ በሁለቱም ቦታ ይለካ። ላዩ ቶሎ ስለሚበርድ የቴርሞሜትሩ ጫፍ ወደ ውስጥ ይግባ።

በኢንዶስኮፒ የሚወሰደው ናሙና ከቁስሉ መሃል ከተነሣ የሞተ ሥጋ ብቻ ይሆንና ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው የፓቶሎጂ ክፍል «አይታወቅም» ብሎ ይመልሰዋል። ከጠርዙ ቢያንስ ስድስት ቁራጭ ይነሣ፤ ከናሙናው አሥር እጥፍ በሚበልጥ የ10 በመቶ ፎርማሊን ይቀመጥ። ዕጢው በላይኛው፣ በመካከለኛው ወይስ በታችኛው ሲሶ እንደሆነ ይጻፍ፤ «የምግብ ቧንቧ» ብቻ ተብሎ የሚመጣ ሪፖርት ለማንም አይጠቅምም።

ናሙና ያልተወሰደለት ሰውም የምርመራው ዓይነት ተገልጾ ይመዝገብ። ብዙዎች ሆስፒታል ሳይደርሱ ቤታቸው ይሞታሉና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ለቤተሰቡ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ መጀመሪያ ቆሎና ዳቦ፣ ቀጥሎ ገንፎ፣ በመጨረሻ ውኃ አልወርድ ብሎት ነበር ወይ?

በጠቅላላው ዞን መጀመር አያስፈልግም። ለአሰላና ለጎባ ሆስፒታሎች ቅርብ የሆኑ ጥቂት ወረዳዎች ይበቃሉ። የመጨረሻው ሕዝብ ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ስለሆነ የነዋሪው ቁጥር ከጤና ኬላዎች የቤተሰብ ፎልደር (የየቤቱ ነዋሪ ከሚመዘገብበት ዶሴ) ይወሰድ። አዲስ አበባ የታከሙትም ስማቸው በየወሩ ወደ ወረዳቸው መዝገብ ይመለስ፤ አለበለዚያ ከፊሉ ይጠፋል፣ ከፊሉ ሁለቴ ይቆጠራል።

በመጀመሪያው ዓመት ቀድሞ የታመሙትም አብረው ስለሚገቡ ቁጥሩ ያብጣል። በሽታው የታወቀበት ቀንና የተመዘገበበት ቀን ተለይተው ይጻፉ፤ የዚያ ዓመት አኃዝም ለሕዝብ እንዳይገለጽ እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር
በኢንዶስኮፒ፣ በፓቶሎጂና በካንሰር ምዝገባ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች