ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ውሉና ስለዚያች ቅዳሜ

ውድ ልጄ፣

«አንብቢውና የመሰለሽን ንገሪኝ» ብለህ ጠረጴዛው ላይ ትተኸው የሄድከውን የራግቢ አካዳሚ ውል ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ፊት ለፊት ብንነጋገር አንተ ትቸኩላለህ፣ እኔንም እንባ ይቀድመኛልና በጽሑፍ መመለሱን መረጥኩ።

ስለ ራግቢ የማውቀው ሁሉ ሊመሪክ ከገባን ወዲህ ከአንተ የተማርኩት ነው። መጀመሪያ የከተማችን ስታዲየም ቶመንድ ፓርክ የወሰድከኝ ዕለት፣ የባላጋራው ተጫዋች ኳሷን ወደ ቋሚዎቹ ሊመታ ሲዘጋጅ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ አፍታ ጸጥ ሲል፣ ሰው የሞተ መስሎኝ ክንድህን ጨብጬ ነበር። አንተም «ለመቺው ክብር ነው፣ ዝም በይ» ብለህ በሹክሹክታ ገሠጽከኝ።

አልጋህ ራስጌ ፎቶውን ስለለጠፍከው ስለ ራግቢ ተጫዋቹ ስለ ፖል ኦኮኔል ነው ልጽፍልህ የፈለግሁት። የዚሁ የሊመሪክ ልጅ፣ በልጅነቱ ዋናተኛ የነበረ፣ ቁመቱ 1.98 ሜትር የሆነ፣ ኳሷ ከመስመር ስትወረወር ሁለት ጓደኞቹ ጭኑን ይዘው ሲያነሱት እጁን ዘርግቶ ከሰማይ የሚቀልብ ሰው። አንተም የምትጫወተው በእሱ ቦታ ስለሆነ ታሪኩን በቃልህ ታውቀዋለህ፤ እኔ ግን ውሉን ሳነብ ያስታወስኩት በዌልስ ዋና ከተማ ያለውን የካርዲፍ ስታዲየም ነው። ከአካባቢያችን ቡድን ከማንስተር ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2006 የአውሮፓን ዋንጫ ያነሳው እዚያ ነው፤ በ2008 የፈረንሳዩን ቱሉዝ 16 ለ 13 አሸንፈው በአምበልነት ዋንጫውን የተቀበለውም እዚያው ነው፤ በ2009 አየርላንድ ዌልስን 17 ለ 15 ረትታ ከ1948 ወዲህ አግኝታው የማታውቀውን ግራንድ ስላም፣ ማለትም የስድስቱን አገሮች ውድድር ጨዋታዎች ሁሉ የማሸነፍን ክብር፣ ስታገኝም እዚያው ሜዳ ላይ ነበር። በጥቅምት 2015 በዓለም ዋንጫ ከፈረንሳይ ጋር ሲጫወት፣ የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል የቋንጃው ጅማት ከአጥንቱ ተገንጥሎ በቃሬዛ የወጣውም ከዚሁ ሜዳ ነው። አንተ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርክ፤ ቴሌቪዥኑ ሥር ቁጭ ብለህ «ተመልሶ ይገባል አይደል?» አልከኝ፣ እኔም ሳላውቅ «ይገባል» አልኩህ። አልገባም። ለፈረንሳዩ ቱሎን ፈርሞ ነበር፤ አንድም ጨዋታ ሳይጫወትለት በየካቲት 2016፣ በ36 ዓመቱ፣ ራግቢ ማቆሙን አስታወቀ። ለአየርላንድ 108 ጊዜ የተሰለፈ፣ ከአራቱ አገሮች ምርጥ ተጫዋቾች የሚውጣጣውን ቡድን፣ የብሪታኒያና የአየርላንድ አንበሶችን፣ በአምበልነት ደቡብ አፍሪካ ድረስ የመራ ሰው የመጨረሻ ጨዋታውን መቼ እንደሚጫወት ራሱ አልመረጠም።

ይህን የምጽፈው ላስፈራራህ አይደለም፤ ጅማት ሲበጠስ ቢያንስ ይታያል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የማይታየው ነው። ኦኮኔል በ2002 ለብሔራዊ ቡድኑ መጀመሪያ በተሰለፈበት ቀን ዌልስ ላይ ትራይ (ኳሷን ከመስመሩ ባሻገር መሬት አስነክቶ የሚገኝ ነጥብ) አስቆጥሮ፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ አጋማሹ ሳያልቅ ወጣ፤ ትራይዋን ማስቆጠሩን ግን ፈጽሞ አያስታውስም። ይህን ታሪክ የነገርከኝ አንተው ነህ፣ እየሳቅክ።

የዛሬ ወር ቅዳሜ፣ ከጨዋታ መልስ እራት ላይ «አባዬ መቼ ነው የሚመጣው?» ብለህ ጠየቅከኝ፤ የሌሊት ተራ ላይ መሆኑን ነገርኩህ። ሾርባውን ሳትጨርስ ደግመህ ጠየቅከኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቀኝ ጭልፋው እጄ ላይ ደርቆ ቀረ። በሁለተኛው አጋማሽ ጭንቅላትህን መመታትህን፣ አሰልጣኝህ ሲጠይቅህም «ደህና ነኝ» ብለህ መጨረስህን የሰማሁት ከጓደኛህ እናት ነው። እንዲህ የተመታ ልጅ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ማረፍ እንዳለበት እያወቅክ በሳምንቱ ተሰለፍክ። አሰልጣኙም አንድ ጊዜ ጠይቆ ማለፍ አልነበረበትም፤ ቢሆንም ቃሉን የሰጠኸው አንተ ነህ። ዛሬ ትልልቆቹ ጨዋታዎች ላይ ሐኪም ተጠራጥሮ ተጫዋቹን ለምርመራ ሲያስወጣው ተቀያሪ ገብቶ ይጠብቀዋል፤ አንተ ከማን ፈርተህ እንደደበቅክ አልገባኝም።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። አባትህ እንዳጣራው፣ እዚህ አገር እየኖረ ከጨዋታ የሚሰናበት ስፖርተኛ በስፖርቱ ካገኘው ገቢ እስከ 10 ለሚደርሱ ዓመታት 40 በመቶው ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ ይቀነስለታል። መንግሥት ሳይቀር የዚህ እንጀራ ዕድሜ አጭር መሆኑን አውቆታል ማለት ነው። ስለዚህ የምህንድስና ትምህርትህን እንዳታቋርጥ፤ አራቱ ዓመት ስድስት ቢፈጅም ግድ የለኝም።

ውሉን ፈርም። አባትህም እኔም ተስማምተናል፤ ሰማያዊው ማኅደር ውስጥ አስቀምጬልሃለሁ። ከዚያ በፊት ግን ለሐሙስ ከሐኪም ቀጠሮ ይዤልሃለሁ፣ በእነሱ አቆጣጠር 3፡30። አብሬህ እገባለሁ፤ የዚያችን ቅዳሜ ነገር ለሐኪሙ የምትነግረው ግን አንተ ነህ፣ ስለ እራቱም ጭምር። የማታስታውሰውን እኔ እሞላልሃለሁ።

እናትህ